ደጋግሞ መታመምና የምንረግጠው አፈር
(በወላይታ፣ በዱቦ ለተሰበሰበ ሕዝብ የቀረበ ትምህርት)



ሰው አንድ ጊዜ ታሞ ሲድን ጎረቤቱ «እግዚአብሔር ይማርህ» ብሎ ጠይቆት ይመለሳል፤ ያው ሰው ግን በአንድ ዓመት ውስጥ አራትና አምስት ጊዜ እየወደቀ ሲነሣ፣ በቆሎው በሚዘራበት ሳምንት አልጋ ሲይዝ፣ አረሙ በሚታረምበት ሳምንት ደግሞ ብርድ ብርድ እያለው ከእሳት ዳር ሲኮማተር ያየ ጎረቤት ከመጠየቅ አልፎ መመራመር ይጀምራል። ምርምሩም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሦስት ነገር ይሄዳል፤ ወይ የሰው ዓይን ነው ይላል፣ ወይ በአባቶች ኃጢአት ምክንያት በልጅ ላይ የወረደ ቁጣ ነው ይላል፣ ወይም በዘራቸው ያለ ነው ብሎ ልጁን ከዚያ ቤት እንዳያጋባ ይጠነቀቃል። እኔ ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት ከእነዚህ ከሦስቱ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ጥያቄ እንዳለ ለማስረዳት ነው፤ ይኸውም ይህ ሰው የሚሠራው ምን ሥራ ነው፣ ሲሠራስ እንዴት ሆኖ ነው የሚውለው የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ ከሕክምና ጥበብ ጋራ ካዋሐዱት ሰዎች ዋነኛው በርናርዲኖ ራማዚኒ የተባለ የኢጣልያ ሐኪም ነው። በዚህ ንግግር የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውስና፣ ራማዚኒ በሞዴና ከተማ ሳለ በቤቱ የመጸዳጃ ጉድጓድ ይጠርግ የነበረ አንድ ሠራተኛ ያለ ዕረፍት ሲጣደፍ አይቶ ስለ ምን እንዲህ እንደሚቸኩል ቢጠይቀው፣ ሰውዬው በዚያ ጉድጓድ ውስጥ ጥቂት ሰዓት መቆየት ዓይንን እንደሚያጠፋ ነገረው፤ ራማዚኒም ቀርቦ ቢመለከተው ዓይኑ ቀልቶና ደክሞ አገኘው። ከዚያ በኋላ ያ ሊቅ በየሠራተኛው ቤትና በየሱቁ እየዞረ የሸክላ ሠሪውን፣ የአንጥረኛውን፣ የልብስ አጣቢዋንና የገበሬውን ደዌ መርምሮ በ1700 ዓ.ም. መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉም ሐኪም ሁሉ ከጥንት ጀምሮ ለሕመምተኛው በሚያቀርባቸው ጥያቄዎች ላይ ሥራህ ምንድን ነው የሚለውን እንዲጨምር መከረ። ምክሩ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቢሆነውም በእኛ አገር ገና ያልተፈጸመ ምክር ነው፤ ስንት ሰው ነው በየሕክምናው ደጅ ተሰልፎ ክኒን ተቀብሎ ሲመለስ በምን ላይ ቆሞ እንደሚውል ያልተጠየቀው?

በወላይታ ምድር ይህን ጥያቄ የሚያነሣ ሰው ብዙ መልስ ያገኛል። ወደ አባያ ሐይቅ በሚያዘነብለው ቆላ፣ በሁምቦ በኩል የሚያርስ ገበሬ ዝናቡ ሲያባራ በወባ የሚወድቀው ሥራው ወደ ትንኟ ስለሚወስደው ነው። መስኮት በሌለው ቤት ውስጥ እርጥብ እንጨት እያነደደች የምታበስል እናት ሳልዋ የማይለቃት፣ በእቅፏ ያለው ሕፃንም ደረቱ የሚታፈነው ጢሱ ከጠዋት እስከ ማታ ከእነርሱ ጋራ ስለሚውል ነው። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብላ እንሰት ስትፍቅ የምትውል ሴት ወገቧ ለምን እንደሚያማት ማስረዳት አያስፈልገኝም። እነዚህ እያንዳንዳቸው ራሱን የቻለ ትምህርት ይገባቸዋል፤ እኔ ግን ዛሬ ጊዜዬን ሁሉ ለአንድ ደዌ መስጠት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ደጋግሞ መታመም ከሥራና ከአኗኗር የሚወለድ መሆኑን ከዚህ ደዌ ይልቅ በግልጥ የሚያሳይ ምስክር በኢትዮጵያ ምድር አላውቅም፤ ምርምሩም ያደገው በዚሁ በእናንተ አፈር ላይ ነው።

ይኸውም የእግር ዝሆኔ ነው። ሊቃውንቱ ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። እናንተ በየገበያው፣ በአረካም ሆነ በሶዶ፣ ከእግሩ መዳፍ ጀምሮ እስከ ጉልበቱ ያበጠ፣ ቆዳው የሻከረና ኪንታሮት የመሰለ ነገር ያወጣ እግር የሚጎትት ሰው ዘወትር ስለምታዩ መልኩን ልነግራችሁ አይገባኝም። ዳሩ ግን ከመልኩ ይልቅ ሰውዬውን የሚያደቅቀው ዘመዶቹ ብቻ የሚያዩት ሌላ ነገር ነው። በድንገት፣ ብዙ ጊዜም ከባድ ሥራ ወይም ረጅም መንገድ ከዋለበት ቀን በኋላ፣ እግሩ ይግላል፣ ይቀላል፣ በብሽሽቱ ንፍፊት ይወጣል፣ ሰውነቱ ይንዘፈዘፋል፣ ትኩሳቱም ይነሣል፤ ቀናትም ከአልጋ ሳይወርድ ይከርማል። ተሽሎት መቆፈሪያውን ሲያነሣ ጥቂት ሳይቆይ ያው ሕመም ተመልሶ ይመጣል፤ በተመለሰ ቁጥርም እብጠቱን ከቀድሞው ይልቅ ከፍ አድርጎት ይሄዳል። ይህ ሰው በየዓመቱ ስንት ጊዜ ወባ ያዘህ ተብሎ ስንት ጊዜ የወባ መድኃኒት እንደዋጠ እርሱ ራሱ ቢጠየቅ ቆጥሮ አይጨርሰውም።

ስለዚህ ደዌ ምክንያት ዓለም ለረጅም ጊዜ ተሳስቶ ቆይቷል። በሌላው የአፍሪካ ክፍልና በእስያ ያለው ዝሆኔ ትንኝ የምታስተላልፈው በዓይን የማይታይ ትል ስለሚያመጣው፣ የእኛም ደጋ ዝሆኔ ከዚያው ይቆጠር ነበር። ነገር ግን ደጋው ላይ የበሽተኛው ደም ሲመረመር ትሉ አይገኝም፤ ደግሞም የትሉ ዝሆኔ አብዛኛውን ጊዜ ከላይ፣ ከብሽሽት ሲጀምር የእኛው ከታች ከእግር ጣቶች ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከጉልበትም ብዙም አያልፍም። በ1960ዎቹ መጨረሻ ኦመን የተባሉ ሐኪም በገበያ ቀን በገበያተኛው መካከል እግራቸው ያበጠ ሰዎችን እያስቆጠሩ ደዌው ከምድሪቱ ከፍታ ጋራ እንደሚተሳሰር አመለከቱ። ከእርሳቸው በኋላ የመጡት እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ናቸው፤ እኒህ ሰው በአዲስ አበባ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲያክሙ ስለነበር ዓይናቸው ከእግር ላይ ተነሥቶ አያውቅም። ፕራይስ በ1974 ባሳተሙት ጽሑፍ የወላይታን አፈርና አየር ከዝሆኔው ጋራ አስተያይተው፣ ደዌው የሚበዛው ከጥንት እሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ ቀይ ሸክላማ አፈር ባለበት፣ ምድሪቱ ከባሕር ወለል ከ1000 ሜትር በላይ ከፍ ባለችበት፣ ዝናቡም በዓመት ከ1000 ሚሊ ሜትር በማያንስበት አገር መሆኑን አሳዩ። እስከ ዕለተ ሞታቸውም ይህንኑ ሲመረምሩ ኖረው፣ በዐረፉበት በ1990 ዓ.ም. የምርምራቸው ፍሬ በመጽሐፍ ታትሞ ወጣ።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። ያ ለም ቀይ አፈር፣ እንሰቱንና ቡናውን፣ ጎደሬውንና ስኳር ድንቹን የሚያበቅለው፣ በውስጡ እጅግ የደቀቁ የድንጋይ ብናኞች አሉት። ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ በባዶ እግሩ ሲያርስና ሲያርም ብናኙ በእግሩ ቆዳ ውስጥ ሰርጎ ይገባል፤ በሰውነታችን ፈሳሽን እየሰበሰቡ ወደ ደም በሚመልሱት ቀጭን ቧንቧዎች ውስጥም ይደርሳል። ሰውነትም ይህን ባዕድ ነገር ሊያስወግድ ሲታገል ቧንቧው ይቆስላል፣ ቁስሉም ሲጠግግ ይጠብባል፤ ደለል የሞላው የመስኖ ቦይ ውኃውን ወደ ማሳው እንደሚያፈስ፣ መንገድ ያጣው ፈሳሽ በእግር ሥጋ ውስጥ ተጠራቅሞ ይቀራል። በተጠራቀመበትም እግር ላይ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁም ተሕዋስያን ይገባሉ፤ ቀደም ብዬ የነገርኋችሁ የሚመላለሰው ትኩሳት ከዚህ የተነሣ ነው። አንድ ቀን የረገጡት አፈር ይህን አያደርግም፤ የዓመታት ሥራ ነው። ለዚህም ነው ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ልጅ ጎረምሳ በሚሆንበት ዕድሜ የሚጀምረው፤ መጀመሪያ የእግሩ ፊት ያሳክከዋል፣ ሌሊት መዳፉ ያቃጥለዋል፣ ወደ ማታም ያብጥና ጠዋት ይጎድላል። በዚህ ጊዜ የተደረሰበት ሰው እግሩ እንደ ቀድሞው ሊመለስለት ይችላል፤ ቆዳው ጠንክሮ ኪንታሮት ካወጣ በኋላ ግን እብጠቱን መቀነስና ትኩሳቱን ማራቅ እንጂ ጨርሶ ማጥፋት አይቻልም።

ይህ ደዌ ምን ያህል ሰው እንደያዘ ልንገራችሁ። በ2003 የታተመ ጥናት በወላይታ ከመቶ ሰው ከአምስት በላይ የሚሆነው በዚህ ደዌ የተያዘ መሆኑን አሳይቷል። ከሦስት ዓመት በኋላ ተመራማሪው ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ የደዌውን ጉዳት በገንዘብ ሲተምኑ፣ በሽተኛው ሊሠራበት ከሚችለው ቀን 45 በመቶው እንደሚባክንበት፣ ያን ጊዜ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በነበረበት በዚህ ዞንም ጉዳቱ በየዓመቱ ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ እንደሚደርስ አገኙ። እኔ በዚህ ቁጥር ፊት ብዙ ጊዜ ቆሜአለሁ። መሬቱ ጠብቦ፣ ቤተ ሰቡ ከአንድ ጥማድ በማይሞላ ማሳ ላይ በሚኖርበት አገር፣ የአባወራው የሥራ ቀን እኩሌታው ሲጠፋ በክረምት ጓዳው ባዶ የሚሆነው ዝናብ ስለ ጠፋ ብቻ አይደለም። ድህነት ጫማ ያሳጣል፤ ጫማ ማጣት ደዌን ያመጣል፤ ደዌውም ጫማ መግዣውን ገንዘብ መልሶ ይበላል። በመላው ኢትዮጵያም 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዚህ ደዌ እንደሚሠቃዩ ይገመታል፤ ከዚህ የሚበልጥ ቁጥር ያላት አገር በዓለም የለችም።

አሁን «በዘር ያለ ነው» ወደሚለው ነገር ልምጣ፤ ይህ አባባል ስንቱን ትዳር እንዳፈረሰ፣ ስንቷንም ልጃገረድ ያለ ባል እንዳስቀረ ታውቃላችሁና። በአንድ መንደር ሁሉም በአንድ አፈር ላይ በባዶ እግሩ እየሄደ ሁሉም የማይታመምበት ምክንያት አለ። በ2012 እነ ፋሲል ተኮላ፣ ከእነርሱም ጋራ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ጊዜ የሠሩት ጌይል ዴቪ፣ ከወላይታ ሕሙማንና ጤነኞች ናሙና ወስደው ሲመረምሩ አንዳንድ ሰዎች ለዚህ አፈር የሚቆጣ ሰውነትን ከወላጆቻቸው እንደሚወርሱ አገኙ። ስለሆነም አባቶቻችን ደዌው በቤተ ሰብ ውስጥ መመላለሱን ሲያዩ ዓይናቸው አላታለላቸውም፤ የተሳሳቱት ከዚያ ባወጡት ፍርድ ነው። የሚወረሰው ሰውነት ለአፈሩ ደካማ መሆኑ ነው፤ ደዌው ራሱ አይወረስም። ከአያት ቅድመ አያቷ ጀምሮ እግር ሲያብጥበት በኖረ ቤት የተወለደች ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እግሯ ከተሸፈነና ከታጠበ ከዚህ ደዌ ተጠብቃ ትኖራለች። ደዌው ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም፤ ከበሽተኛው ጋራ በአንድ ገበታ መብላት፣ በአንድ ወንበር መቀመጥ፣ በአንድ አልጋ መተኛት ማንንም አያሳብጥም።

ይህን እያወቅን ሰውን ማራቅ ግፍ ነው። የትምህርት ቤት ጓደኞቹ ስለሸሹት ደብተሩን ጥሎ የቀረ ልጅ፣ ሽታው ያስቸግራል ተብሎ በቤተ ክርስቲያን ከኋላ ከበሩ ውጭ የሚቆም ሽማግሌ፣ እነዚህ በመካከላችን ያሉ ናቸው። በየዓመቱ በጸሎተ ሐሙስ ካህኑ ወገቡን ታጥቆ የምእመናንን እግር ሲያጥብ ሁላችን እናያለን፤ ጌታችን በዚያች ሌሊት የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበበትን ትሕትና እያሰብን እናለቅሳለን። ታዲያ ከሕጽበተ እግሩ ስንመለስ እግሩ ያበጠውን ወንድማችንን ገለል በል የምንለው በየትኛው ትምህርት ነው? «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ እውነት ነው፣ ነገር ግን ሰው በሽታውን የሚደብቀው እኛ ስለምናሳፍረው ስለሆነ ከተረቱ ወቀሳ እኩሌታው የእኛ ድርሻ ነው።

ሕክምናውስ ምንድን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ሰውን እስከሚያስገርም ቀላል ነው፤ ውኃ፣ ሳሙና፣ ቅባትና ጫማ ነው። ይህን በወላይታ በተግባር ያሳዩት በሶዶ ለብዙ ዓመታት ያገለገሉት ሚስዮናዊ ሐኪም ናታን ባርሎ ናቸው፤ በጡረታ ዕድሜያቸው፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ለእነዚህ ሕሙማን ብቻ የቆመ ሥራ ጀመሩ፤ ሕዝቡም ማኅበሩን እስከ ዛሬ «ሞሲ ፉት» እያለ ይጠራዋል። በየወረዳው በተመደበ ቀን ሕሙማኑ ይሰበሰባሉ። አንዲት ሴት አግዳሚ ላይ ተቀምጣ እግሯን ጥቂት በረኪና ጠብ በተደረገበት የሳፋ ውኃ ውስጥ ትዘፈዝፋለች፤ ቆዳው ሲለሰልስ በሳሙና፣ ይልቁንም በጣቶቹ መካከልና በየእጥፋቱ ውስጥ፣ በጨርቅ እያሸች ታጥባለች፤ በንጹሕ ጨርቅ ጠብ እስከማይል ታደርቃለች፤ ከዚያም ቫዝሊን ቀብታ ካልሲና ጫማ ታጠልቃለች። ተራ ጫማ ለማይገባለት እግር ልክ ተወስዶ ሰፊ ጫማ ይሰፋለታል፤ ጫማ ሰፊዎቹና አስተማሪዎቹም ብዙዎቹ ራሳቸው ሕሙማን የነበሩ ናቸው። ወደ ቤቷም ስትመለስ በየማታው ይህንኑ እንድታደርግ፣ ስትቀመጥም እግሯን በበርጩማ ላይ ከፍ እንድታደርግ ትመከራለች። ሽታው በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል፤ ይህን ያየ ሰው ሴትዮዋ ፊቷን ቀና አድርጋ ስትናገር ያያታል።

ነገሩ ተስፋ ብቻ እንዳይመስላችሁ አንድ ምስክር ልጨምር። በምሥራቅ ጎጃም ወደ 700 የሚጠጉ ሕሙማን በዕጣ በሁለት ተከፍለው፣ እኩሌታው ይህን እጥበትና ጫማ ወዲያው እንዲጀምር፣ እኩሌታው ዓመት ቆይቶ እንዲጀምር ተደርጎ ነበር፤ በ2018 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው አስቀድመው በጀመሩት ላይ የትኩሳቱ መመላለስ አንድ አምስተኛ ያህል ቀንሶ ተገኘ። ቅነሳው ትንሽ የሚመስለው ካለ፣ አንድ ገበሬ በእርሻ ወራት ጥቂት ቀን መሥራት መቻሉ ለቤቱ ምን እንደሆነ ያስብ።

ስለ ጫማ ግን አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ በደለኛ እሆናለሁ። እነሆ፣ በዱቦ መንገድ ላይ ወደ ገበያ የሚሄደውን ሰው እዩት፤ ጫማውን ታጥቦ ተወልውሎ አድርጓል። ቅዳሴም ሲመጣ፣ ለቅሶም ሲደርስ እንዲሁ ነው። በማግሥቱ ወደ ማሳው ሲወርድ ያንኑ ጫማ እንዳያልቅበት በቤት ትቶት በባዶ እግሩ ይሄዳል፤ ጫማው ሊጠብቀው በሚገባው ሰዓት ከበሩ ኋላ ይቀመጣል ማለት ነው። ይህን የሚያደርገው ስለማያስተውል አይደለም፤ ጫማ በአሳባችን የክብር ልብስ ሆኖ ስለቆየ፣ ደግሞም ገንዘቡ አንድ ጥንድ እንጂ ሁለት ስለማይገዛ ነው። በረባሶም ቢሆን ድንጋይና እሾኽ ይከለክላል እንጂ ብናኙን አይከለክልም፤ ለማሳ የሚሆነው የተዘጋ ጫማ ነው፣ በጭቃው ጊዜ ቦቲ፣ በደረቁ ጊዜ ቢያንስ የተደፈነ ኮንጎ ጫማ ከካልሲ ጋራ። ጭቃው ቦቲውን እየያዘ ሥራ ያስቸግረኛል የሚል ገበሬ እውነቱን ነው፤ እርሱም ቢሆን ከማሳው እንደ ተመለሰ ወዲያው እግሩን በሳሙና ቢታጠብ አፈሩ በቆዳው ላይ የሚያድርበትን ጊዜ ያሳጥራል። ውኃው ደግሞ ከሩቅ ምንጭ በሴቶችና በልጃገረዶች ጀርባ የሚመጣ መሆኑን አልዘነጋሁም፤ ለዚህም ነው የመንደር ቧንቧ የሚዘረጋ ቀበሌ ከሐኪም እኩል ይህን ደዌ እያከመ ነው የምለው።

እግሩን የሸፈነ ሰው የሚያተርፈው ከዝሆኔው መዳንን ብቻ አይደለም። በቆዳ ዘልቆ ገብቶ በአንጀት ውስጥ ደም እየመጠጠ ልጆችን የሚያገረጣው ትል፣ ጣትን የሚያቆስለው ሙጀሌ፣ ከወጋ እሾኽ የሚጀምረው መንጋጋ ቆልፍ፣ እነዚህም ሁሉ በአንድ በር የሚገቡ ናቸው። በፈረንሳይ፣ በአይርላንድና በስኮትላንድ ደግሞ ይህ ዝሆኔ ቀድሞ ይገኝ እንደነበር ሊቃውንቱ ይነግሩናል፤ ዛሬ የለም። ክትባትም ሆነ ልዩ መድኃኒት አልተገኘለትም፤ ገበሬው ጫማ ማድረግን ስለ ለመደ ብቻ ጠፋ።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ከእናንተ የምለምነው ጥቂት ነገር ነው። ልጅ ያላችሁ፣ መስከረም ሲጠባ ከደብተሩ አስቀድማችሁ የተዘጋ ጫማ ግዙለት፤ ገዝታችሁም ለትምህርት ቤት ብቻ አታስቀምጡለት፣ ከብት ሲያግድና ማሳ ሲወርድም ያድርገው። መምህራን፣ ከእናንተ ክፍል እግሩን ደጋግሞ የሚያክክ፣ ማታ ማታ መዳፌ ያቃጥለኛል የሚል ልጅ ካለ ወላጆቹን ጥሩልን። ካህናትና ሽማግሌዎች፣ በጋብቻ ጊዜ ዘር ሲቆጠር ይህ ደዌ እንደ ነውር እንዳይነሣ እናንተ ካልከለከላችሁ ማንም ሊከለክለው አይችልም። በቤቱ እግሩ ማበጥ የጀመረ ሰው ያለውም ነገ ሳይል ወደ ቀበሌው ጤና ኬላ ሄዶ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ያነጋግር፣ ወይም እዚሁ ወዳለው ወደ ቅድስት ማርያም ሆስፒታል፣ ወይም በሶዶ ወዳለው ወደ ኦቶና ሆስፒታል ይሂድ፤ ሐኪሙም ስለ ትኩሳቱ ብቻ ቢጠይቀው፣ እርሱ ራሱ ጫማውን አውልቆ እግሩን ያሳየው፣ በምን አፈር ላይ ስንት ዓመት እንደ ሠራም ይንገረው።